ዘይቱን የሚለካው ማነው?

ውድ አንባቢ፣ በደጃፍዎ አንዲት አሮጌ አውቶሞቢል ቆማ እንደሆነ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የሞተሯን ዘይት ለመጨረሻ ጊዜ የለካው ማነው? መቼስ ነበር የለካው? «እኔ ምን አውቄ፤ የመኪናውን ነገር የሚያውቀው እሱ ነው» የሚሉኝ ከሆነ፣ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። ልክ እንደዚሁ ይመልሱ የነበሩ አንዲት የገለምሶ መምህር፣ አንድ ሌሊት የደረሰባቸውን ካጫወቱኝ ወዲህ ጥያቄው ከአእምሮዬ አልወጣም።

መምህርቷ የሦስት ልጆች እናት ናቸው። ባለቤታቸው በሥራ ምክንያት ሳምንቱን የሚያሳልፉት በጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ በአሰበ ተፈሪ ነው። ቤተሰቡ በአገራችን «ዲኤክስ» እየተባለች የምትጠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ አለችው። መምህርቷ መንጃ ፈቃድ አላቸው፤ ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርሱት፣ ገበያም የሚሄዱት ራሳቸው እየነዱ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ በራቸው ተንኳኳ። የጎረቤት ልጅ ነች። «እትዬ፣ እማዬ ምጥ ይዟታል፤ ቶሎ ድረሱልን!» አለቻቸው። መምህርቷ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ቁልፉን ይዘው ወጡ። ነፍሰ ጡሯን ደግፈው ከኋላ ወንበር አስቀመጧቸው። ቁልፉን ሲያዞሩት ግን «ጠቅ» ከሚል ድምፅ በስተቀር ምንም የለም። ደገሙት፤ ያው ነው። ጎረቤት ተጠርቶ መኪናዋ እንዳትገፋ፣ ከግቢው በር የሚነሣው መንገድ ዳገት ነው። አንድ የባጃጅ አሽከርካሪ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ እስኪመጣ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል ባከነ። ደግነቱ ወላዷ ሆስፒታል ደርሰው በሰላም ተገላገሉ።

ሲነጋ መካኒክ መጣ። ኮፈኑን ከፍቶ፣ በባትሪው ጫፍ ላይ ያለውን መያዣ በጣቱ ቢነካው ወዲያና ወዲህ ተንቀሳቀሰ። ዙሪያውን እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር ሸፍኖታል። በሙቅ ውሃ አጥቦ፣ ፍቆ፣ አጥብቆ አሰረው። መኪናዋ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣች። ሥራው አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

«ለካ መኪናዬ አልተበላሸችም ነበር» አሉኝ መምህርቷ። «ዞር ብሎ የሚያያት ሰው ነው ያጣችው። ስንት ዓመት ስነዳት ኮፈኗን አንድ ቀን ከፍቼ አላውቅም። ጎረቤቴ ላይ አንድ ነገር ደርሶ ቢሆን፣ ዕድሜ ልኬን የሚቆጨኝ ያች የተላላች ብሎን ነበረች።»

ገለምሶን ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ልበል። ገለምሶ በምዕራብ ሐረርጌ ዞን የሐብሮ ወረዳ ከተማ ናት። በጨርጨር ደጋማ ምድር፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ በቡናዋና በጫቷ ትታወቃለች። መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ይበዛበታል፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ አይጠፋውም። በከተማ ውስጥ ሰውን የሚያመላልሰው በአብዛኛው ባጃጅ ነው። ሆኖም በሽተኛ ወደ ጭሮ፣ አልፎም ወደ ሐረር ወይም ወደ ድሬዳዋ መሄድ ሲኖርበት፣ ሙሽራ ሲወጣ፣ ሩቅ አገር ለቅሶ ሲደረስ፣ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፈው በሰፈሩ ባለች አንዲት አውቶሞቢል ላይ ነው። በመሆኑም የቤተሰብ መኪና የምትባለው፣ እውነቱን ለመናገር፣ የመንደር መኪና ናት። በሌሊት እምቢ ስትል የምታሳፍረው ባለቤቷን ብቻ አይደለም።

ከዚያ ሌሊት በኋላ መምህርቷ መኪና ያላቸውን ጎረቤቶቻቸውን ለቡና ጠሩ። እኔም አብሬ ተቀመጥኩ። አንደኛዋ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ንግዱንም ልጆቹንም ብቻቸውን የያዙ የቡና ነጋዴ ናቸው። ሌላዋ ነርስ ናት። ከወንድ በኩል፣ ለብዙ ዘመን በሐረር መንገድ የጭነት መኪና የነዱ አንድ ጡረተኛ አዛውንት ነበሩ። የአራቱም መኪና ኮሮላ ነው፤ የሞዴሉ ዘመን ብቻ ይለያያል።

የቡና ነጋዴዋ ቀድመው ተናገሩ። «ኮሮላ አትከዳም። በሄድኩበት ሁሉ ዕቃዋ አለ፤ የማያውቃት መካኒክ የለም። ሌላ መኪና ብገዛ አንዲት ዕቃ ስትሰበር አዲስ አበባ ድረስ ልሄድ ነው» አሉ። ይህ አባባላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ኮሮላ ጃፓን ውስጥ መሠራት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። እስከ 2021 ድረስ በዓለም ላይ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተሸጣለች። ይህን ያህል የተሸጠች መኪና መለዋወጫዋም ሆነ ዕውቀቷ በየሄዱበት መገኘቱ አይቀርም። ከመርካቶ ሶማሌ ተራ አንሥቶ እስከ ትንሿ የገጠር ከተማ ጋራዥ ድረስ፣ እጁን በኮሮላ ያላፍታታ መካኒክ ማግኘት ያስቸግራል።

አዛውንቱ ግን ስኒያቸውን አስቀምጠው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ መኪና አይታመንም። የሚታመነው ባለቤቱ ነው» አሉ። «ሐረርን አይተሻል? እነዚያን ፔጆ ታክሲዎች ያቆያቸው ማነው? ፋብሪካው እኮ መሥራት ካቆመ ስንት ዘመኑ!»

አዛውንቱ የተናገሩት እውነት ነው። ፔጆ 404 የምትባለው አውቶሞቢል ፈረንሳይ ውስጥ የተመረተችው እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1975 ነው። ያም ሆኖ በሐረር ከተማ ታክሲ ሆና ለብዙ አሥርት ዓመታት በማገልገሏ፣ እንደ ጀጎል ግንብ ሁሉ የከተማዪቱ መታወቂያ እስከ መሆን ደርሳለች። የአዲስ አበባዋም ላዳ እንዲሁ ናት። ላዳ የጣሊያኑን ፊያት 124 መሠረት አድርጋ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሶቪየት ኅብረት የተሠራች መኪና ስትሆን፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ስንት ቤተሰብ እንዳስተዳደረች የመዲናዪቱ ነዋሪ ያውቀዋል። እነዚህን መኪኖች ለእርጅና ያበቃቸው ስማቸው አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት ሳያያቸው የማይነሣ ሹፌርና ብልሃተኛ መካኒክ በማግኘታቸው ነው።

ዛሬ ደግሞ ያለችውን ጠብቆ ማቆየት ከምንጊዜውም ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ወደ አገር ሲገቡ የሚከፈለውን ታክስ እጅግ ከፍ አድርጎታል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከልክሏል። እንግዲህ አሮጌዋ ኮሮላ «ብትሞት ሌላ እተካለሁ» የምትባል ዕቃ አይደለችም። ለብዙ ቤተሰብ ከቤት ቀጥሎ ያለ ትልቁ ሀብት እሷ ናት።

ታዲያ በዚያ ቡና ላይ ከተነገረው ውስጥ፣ ለእርስዎም ይጠቅማል ያልኩትን እነሆ።

የመጀመሪያው ዘይት ነው። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁመው ሞተሩን ያጥፉና ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይምዘዙ፤ በጨርቅ ይጥረጉ፤ መልሰው እስከ መጨረሻው ይክተቱና እንደገና ያውጡት። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ከሆነ ደኅና ነው። ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ሳይጨምሩ አይንዱ። መልኩ ወተት እንደገባበት ቡና ነጣ ብሎ ካዩት፣ ውሃ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሏልና ሞተሩን ሳያስነሡ መካኒክ ይጥሩ። ተራ የሞተር ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ከነፊልትሮው ይለወጣል። እንደ ገለምሶ ባለ አቧራማ መንገድ የሚሠራ መኪና ግን ከዚያም ቀደም ማለት ይኖርበታል። የአየር ማጣሪያውም ቶሎ ቶሎ መራገፍ አለበት፤ አቧራ የዋጠ ሞተር ነዳጅ ያባክናል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

ሁለተኛው ውሃ ነው። በዚህ ላይ ነርሷ ያለችውን ልንገርዎ። ሆስፒታል ውስጥ ፊቱና ክንዱ በእንፋሎት የተቃጠለ ሰው ስታይ፣ ብዙ ጊዜ ሳትጠይቅ ታውቀዋለች፤ የራዲያተር ክዳን በትኩሱ የከፈተ ነው። በደጋ አገር ውሃ ቶሎ ይፈላል። በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፣ በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ 94 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መፍላት ይጀምራል። በራዲያተሩ ውስጥ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አምቆ የሚይዘው ግፊት ነው። ስለዚህ ላስቲኩ ያረጀ ክዳን፣ ዋጋው ትንሽ ቢሆንም፣ ሞተር እስከ ማቃጠል ይደርሳል። የሙቀት መለኪያው ከፍ ሲል ካዩ ዳር ይዘው ያቁሙ፤ ሞተሩን ያጥፉ፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይታገሡ። ቸኩለው ክዳኑን አይንኩ። በተጨማሪም ራዲያተሩን በወንዝ ወይም በቧንቧ ውሃ ብቻ መሙላት ዝገትና ቆሻሻ ያከማቻልና፣ ለራዲያተር ተብሎ የተዘጋጀውን ፈሳሽ መጠቀም ይበጃል።

ሦስተኛው ባትሪ ነው፤ የመምህርቷ መከራ። ነጭ ዱቄት ካዩ፣ መጀመሪያ የኔጌቲቩን ገመድ፣ ቀጥሎ የፖዘቲቩን ይፍቱ። በሙቅ ውሃ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠው ያጥቡት፤ አድርቀው፣ ከፖዘቲቩ ጀምረው መልሰው ያጥብቁ። ከላዩ ስስ ግራሶ ቢቀቡት ዱቄቱ ቶሎ አይመለስም። ባትሪው ክዳን ያለው ዓይነት ከሆነ የተጣራ የባትሪ ውሃ እንጂ የቧንቧ ውሃ አይጨምሩበት። አሲዱ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላልና ልጆች አጠገብዎ አይቁሙ።

አራተኛው ፍሬን ነው። እዚህ ላይ አዛውንቱ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ከጭሮ ወደ ሚኤሶ ስትወርዱ፣ በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ!» አሉ። ምክንያቱም ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን እየረገጡ የሚወርዱ ከሆነ፣ የፍሬኑ ሸራ ግሎ መያዙን ይተዋል፤ ዘይቱም አሮጌና ውሃ የሳበ ከሆነ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የመሳብ ጠባይ ስላለው በየሁለት ዓመቱ መለወጥ አለበት። ማርሽ ቀንሶ መውረድ ግን ሞተሩ ራሱ መኪናዋን እንዲይዛት ያደርጋል፤ ዋጋ አይጠይቅም። ፔዳሉ ሲረገጥ ወደ ታች የሚሰምጥ ወይም ሲረግጡት የብረት ድምፅ የሚሰማ ከሆነ፣ ያን ዕለት ልጆችዎን አያሳፍሩ።

አምስተኛው ጎማ ነው። ጥርሱ ያለቀ ጎማ በጭቃ ላይ መሪን አይታዘዝም። ነገር ግን ጥርሱ ሙሉ የሆነ ጎማም ዕድሜው ካለፈ ይፈነዳል። በጎማው ጎን ላይ አራት አኀዝ ያለው ቁጥር ይፈልጉ። ለምሳሌ 2319 ቢል፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጎሚስታው «አዲስ ነው» ቢልዎ ቁጥሩን ያንብቡለት። ትርፉ ጎማም ነፋስ እንዳለው፣ ክሪኩም በቦታው እንዳለ ሳያዩ ሩቅ መንገድ አይነሡ።

በመጨረሻም ያገለገለ መኪና ለሚገዙ አንድ ምክር አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ከተሠሩት ኮሮላዎች ብዙዎቹ ሞተራቸው ውስጥ የላስቲክ ቺንጋ አላቸው፤ በሰንሰለት የሚሠሩም አሉ። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ መካኒክዎን ይጠይቁ። ይህ ቺንጋ በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይለወጣል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ወደ ኋላ ሊመለስ ስለሚችል ግን፣ መኪናዋን እንደገዙ ቺንጋውን ለውጠው ቀኑን ቢጽፉ ይሻላል። መለዋወጫ ሲገዙም በዋጋ መርከስ ብቻ አይታለሉ። የፍሬን ሸራና ፊልትሮ ተመሳስለው ከሚሠሩት ዕቃዎች መካከል ናቸውና፣ አሮጌውን ይዘው ሄደው ያስተያዩ፤ ደረሰኝም ይቀበሉ።

እስካሁን የነገርኩዎ ሁሉ ስለ ብረት ነው። ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ግን ነርሷ ሌላ ነገር አነሣች።

«እኔ ዘይት መለወጫ ጊዜው መድረሱን አውቃለሁ» አለች። «ገንዘቡንም ከደመወዜ አዋጥቻለሁ። ባለቤቴ ግን ‹የመኪና ነገር የወንድ ነው፣ ተይው› ይለኛል። ገንዘቡ ለሌላ ይውላል። በኋላ መኪናዋ መንገድ ላይ ስትቆም ሕፃን አዝዬ በፀሐይ የምቆመው እኔ ነኝ።»

ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ አዛውንቱ፣ «ልክ ነሽ ልጄ። እኔም ባለቤቴን ኮፈን አስከፍቻት አላውቅም። ያቺን የመሰለች ዓይነ ጥሩ ሴት! ወጥ ሲያርር ከሦስተኛ ቤት የምታሸት፣ ሞተር ሲያርር አታሸትም ነበር?» አሉ። ሳቅ ሆነ። የነርሷ ነገር ግን በሳቅ የሚታለፍ አይደለም።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ልብ ይበሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ጊዜ የተገኘ ንብረት የባልና የሚስት የጋራ ነው ብሎ ይነሣል፤ ሊብሬው በአንዱ ስም ብቻ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። የኦሮሚያ ክልልም በ1995 ዓ.ም. ባወጣው በራሱ የቤተሰብ ሕግ የጋራ ንብረትን ያውቃል። መኪናዋ የሁለት ሰው ንብረት ከሆነች፣ ጥበቃዋም የሁለት ሰው ሥራ ነው። ስለ ንብረትዎ መጠየቅ ባልን መዳፈር አይደለም። አለማወቅዎ ግን ሦስት ሰው ይጎዳል፤ እርስዎን፣ ልጆችዎንና ሌሊት በርዎን የምታንኳኳውን ጎረቤት።

መምህርቷና ባለቤታቸው ያደረጉት ቀላል ነገር ነው። አንድ የተማሪ ደብተር ገዝተው በመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡ። ዘይት የተለወጠበት ቀንና የኪሎ ሜትሩ ቁጥር፣ የተገዛው ዕቃ ዋጋ፣ የቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ማደሻ ቀን፣ ሁሉም ይጻፍበታል። ማንም የነዳ ሰው ያየውን ይጽፋል። በተጨማሪም ከሁለቱም ደመወዝ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ለመኪናዋ ብቻ ይቀመጣል፤ ልክ እንደ ዕቁብ፣ ሳይጓደል። የቡና ነጋዴዋም ይህንኑ ከሰሙ በኋላ፣ «እኔስ ለሱቄ ደብተር አለኝ፤ ሱቄን ለምትሸከመው መኪና እንዴት አጣሁላት?» ብለው ራሳቸውን ታዝበዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። መኪና የቱንም ያህል ብትጠበቅ፣ ለአምስት ሰው የተሠራች ናት። ዘጠኝ ሰው የጫነች ኮሮላ ፍሬኗ አዲስ ቢሆንም ርቃ ትቆማለች። ሕፃን አቅፎ ከፊት መቀመጥ ለልጁ ምቾት ይመስላል እንጂ፣ በድንገት ፍሬን ሲያዝ የእናት ክንድ ሊያስቀረው አይችልም። ልጆች ከኋላ ይቀመጡ፤ ቀበቶው ከወንበሩ ሥር ተቀብሮ ከሆነ ይውጣና ይታሰር። «ቅርብ ነው የምንሄደው» የሚለውን ይተዉት፤ አደጋ ርቀት አይመርጥም።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በዚያች የገለምሶ ሌሊት ቅጠሏ አንዲት ብሎንና አንድ ጣሳ ሙቅ ውሃ ነበረች። ስለዚህ በሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት፣ ልብስ ከመዘፍዘፍዎ በፊት አሥር ደቂቃ ይስጡኝ። ኮፈኑን ይክፈቱ። ዘይቱን፣ ውሃውን፣ የባትሪውን ጫፍና የፍሬኑን ዘይት ይዩ፤ አራቱን ጎማዎች ይዙሩ። ባለቤትዎ ካሉ አብረው ይሁኑ፤ ከሌሉም ብቻዎን ያድርጉት። ያላወቁትን ለመካኒኩ «ወንድሜ፣ ይህ ምንድነው?» ብለው ይጠይቁት። ዕውቀት ለጠየቀ አይነፈግም።

ከገለምሶ የተነሣሁ ዕለት መምህርቷን ልሰናበት ወደ ቤታቸው ጎራ ብዬ ነበር። ኮፈኑ ተከፍቷል። የአሥር ዓመቷ ልጃቸው በርጩማ ላይ ቆማ የዘይት መለኪያውን በአሮጌ ጨርቅ ትጠርጋለች። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ካየች በኋላ፣ «እማዬ፣ ከሁለቱ መስመር መሀል ነው» አለች። እናትየው ደብተሩን አቀበሏት። «እንግዲያው ቀኑን ጻፊበት» አሏት።